ደህና ይበላል

የባትሪ ድንጋዮቹን የገዛችው ከፈዲሉ ሱቅ ነው፤ ትልልቆቹን፣ ስምንት። ፈዲሉ በፌስታል እየከተተላት «ቲቸር፣ በእናንተ በኩል መብራት እንዲህ ያስቸግራል እንዴ?» ሲላት «ኧረ ተወው፣ ሰልችቶናል» ብላ መለሰችለት። መብራት ግን አልጠፋም ነበር።

ሽታዬ አምቦ ውስጥ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ናት። ባሏ ዋቅቶላ ባኮ ባለው የእርሻ ምርምር ማዕከል በበቆሎ ዘር ቴክኒሻንነት አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቷል፤ ሳምንቱን እዚያ፣ ቅዳሜና እሑድን አምቦ ቤቱ። ግዙፍ፣ ሳቂታ፣ ቁርስ ላይ የሁለት ሰው ምግብ የሚጨርስ ሰው ነበር። በ2014 ጥር ላይ ደም አስመለሰው። ካንሰር ሆነ። አዲስ አበባ ተወስዶ ከጨጓራው አብዛኛው ተቆርጦ ወጣ፤ ከዚያም በየሦስት ሳምንቱ ኬሞ እንዲወስድ ታዘዘለት። የመጀመሪያውን ቻለው። ሰኔ መግቢያ ላይ ሁለተኛውን ከወሰደ በኋላ ግን ምግብ የሚባል ነገር ጠላ። ገንፎውም፣ ሾርባውም፣ የተቀቀለው ድንችም ገና ሳይረጋ ተመልሶ ይመጣል።

«ክብደትህ በጣም ከቀነሰ ኬሞውን እናቆየዋለን» ብሎት ነበር ሐኪሙ።

ሽታዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዚህ ቃል ሌላ የምትሰማው ነገር አልነበረም። ማቆየት ለእሷ መተው ማለት ነው። ኮሪደሩን የሞላውን፣ ተራውን የሚጠብቀውን በሽተኛ ስታይ፣ አንዴ ከሰልፉ ከወጣን ማን ይመልሰናል አለች። ስለዚህ ሦስተኛው ዙር የደረሰ ዕለት፣ ገና ከቤት ሳይወጡ፣ የባሏን ወፍራም ካፖርት ኪሶች በባትሪ ድንጋይ ሞልታ እንዳይንኳኩ በመሐረብ ደፈነቻቸው። የመስክ ቦት ጫማውንም አደረገችለት።

«መኪናው ውስጥ ይበርዳል» አለችው። ዋቅቶላ የመጠየቅ አቅም ስላልነበረው ዝም ብሎ ለበሰ።

ሚዛኑ ላይ እንደለበሰ ቆመ። ነርሷ ፋታ አልነበራትም፤ ቁጥሩን ጻፍ አድርጋ «ሁለት ኪሎ ብቻ ነው የቀነሰው» ብላ አሳለፈቻቸው። ሐኪሙ ካርዱን እያየ «ምግብ እንዴት ነው?» ሲል ዋቅቶላ አፉን ሳይከፍት ሽታዬ ቀደመችው።

«ደህና ይበላል» አለች።

ዋቅቶላ ዞር ብሎ አያት። ሦስተኛው መድኃኒት በዚያው ዕለት ገባ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ ሁሉ ማስመለስ ነበር። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ሽታዬ ከአልጋው አጠገብ አልተለየችም። ጓደኛ ደውሎ ሲጠይቅ «ደህና ነው»፣ አማቷ አዴ ሲንቄ ከጉደር እየደወሉ «ልጄ ይበላል ወይ?» ሲሉ «ይበላል፣ ሃርሜ» ትላለች። ሃርሜ በኦሮምኛ እናቴ ማለት ነው፤ ሽታዬ ካገባች ጀምሮ በሌላ ስም ጠርታቸው አታውቅም። ሰፈር ውስጥ ካለች አንዲት ክሊኒክ አንድ ነርስ በየሁለት ቀኑ እየመጣ ግሉኮስ ይሰቅልለት ነበር። ያ ጠርሙስ ጠብ ጠብ ሲል ስታይ ሽታዬ ትንሽ ትተነፍሳለች። ቢያንስ አንድ ነገር እየገባለት ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሻይ ይዛ ስትገባ ዋቅቶላ እጁን ዓይኑ ላይ አደረገና «ሁለት ሆናችሁ አትምጡብኝ» አላት።

የሚቀልድ መሰላት። «ሁለት ነን እንዴ?»

«አንቺና ያቺ።» በጣቱ ከትከሻዋ አጠገብ ያለውን ባዶ ቦታ አሳያት።

ሽታዬ ዞር ብላ አየች። ግድግዳው ብቻ ነው። ጎንበስ ብላ ፊቱን አየች። ዓይኖቹ አንድ ቦታ አይረጉም፤ ወደ ጎን ሸሸት ይሉና እየተንቀጠቀጡ ይመለሳሉ፤ ደግሞ ይሸሻሉ። ሽንት ቤት ልታደርሰው ስታነሳው እግሮቹን አንፈራጦ፣ ጭቃ ውስጥ እንደሚሄድ ሰው፣ ግድግዳውን እየዳበሰ ተራመደ። በሩ ጋ ሲደርስ ጉልበቱ ከዳው፤ አብረው ወደቁ። እሱ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ጣሪያውን ያያል።

ሐሙስ ዕለት ደግሞ የባሰ መጣ። የአሥር ዓመት ልጃቸው አቢጊያ ፊቷ በርቶ ወደ ማዕድ ቤት እየሮጠች ገባች።

«እማዬ! አባዬ እኮ ድኗል! ጠዋት ባኮ ሄዶ መጣ!»

«ማን አለሽ?»

«ራሱ ነዋ! እኔ ተኝቼ ሳለሁ ነው የሄደው።»

ሽታዬ እጇን ሳታደርቅ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ዋቅቶላ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። «በፒክአፑ ሄድን» አላት፣ ረጋ ባለ ድምፅ። «በቆሎው የወንዴ አበባውን አውጥቷል። በጊዜ ካልተቆረጠ ዘሩ ይደበላለቃል አልኳቸው። መልካም ነው አሉ። ቀንዓ ምሳ ጋበዘኝ፤ ጥሩ ክትፎ በላን።»

ቀንዓ የሥራ ባልደረባው ነበር። ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ዋቅቶላ ራሱ ነው ሬሳውን ተሸክሞ የቀበረው።

«ዋቅቶላ» አለች ሽታዬ ቀስ ብላ፣ «ቀንዓ የት ነው ያለው?»

«ባኮ ነዋ። ሰላም በያት ብሎኛል።»

የሚዋሽ ሰው ፊት የለውም፤ የሚቃዥ ሰው ፊትም የለውም። በማግስቱ ሥራ የሚገባ ሰው ፊት ነው ያለው። ሽታዬን ያስፈራት ይኼ ነው። ቢጮህ፣ ቢወራጭ ይሻላት ነበር። ባሏ አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ በራሱ ድምፅ፣ በራሱ ፈገግታ፣ እሷ የሌለችበት ሌላ አገር ውስጥ እየኖረ ነው። አቢጊያ በሩ ላይ ቆማ የእናቷን ፊት አየችና የራሷም ፊት ጨለመ።

አዲስ አበባ ወዳለው ሆስፒታል ደወለች። የአራተኛው ዙር ቀጠሮ በዚያው ሳምንት ነበር፤ ነገር ግን ጊንጪ ላይ መንገድ ከተዘጋ አራተኛ ቀኑ ነው፤ ወደ አዲስ አበባ የሚያልፍ መኪና የለም። ከብዙ ሙከራ በኋላ አንዲት ነርስ ስልኩን አነሳች፤ የሚታየውን ሁሉ አዳምጣ «ካንሰሩ ወደ ጭንቅላቱ ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ ፎቶ መነሳት አለበት። መንገዱ እስኪከፈት እዚያው ሆስፒታል አሳዩት» አለች። ከዚያ ጠየቀቻት፦ «ምግብስ ይወስዳል?»

«ይወስዳል» አለች ሽታዬ። ቃሉ ከአፏ የወጣው ሳታስበው ነው። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ቆማ ቀረች። አሁን ማንን ለማታለል ነው? ሚዛን የለ፣ ሰልፍ የለ። ግን እንዲያ ብላ ጀምራለች፤ አሁን ብትመልሰው የሚከተለውን ፈራች።

ዓርብ ጠዋት አዴ ሲንቄ ከትንሹ ልጃቸው ከፍሮምሳ ጋር ከጉደር መጡ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችም ቀድመው ደርሰው ጸልየው ነበር። አዴ ሲንቄ ልጃቸውን እጁን ይዘው «ማን ነኝ?» ሲሉት ዋቅቶላ ፈገግ ብሎ በሟች እህታቸው ስም ጠራቸው። አሮጊቷ አላለቀሱም። ወጥተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

ፍሮምሳ ሽታዬን ወደ ጓሮ ጠራት። «እንግዲህ ጭንቅላቱ ላይ ወጥቷል ተብሏል። ለምን እናሰቃየዋለን? ዛሬውኑ ጉደር እንውሰደው። በተወለደበት ቤት፣ እናቱ እጅ ላይ ይሁን።»

«ማን አለ ጭንቅላቱ ላይ ወጥቷል?»

«አንቺ ነሽ የነገርሽን!»

«ሊሆን ይችላል ነው ያሉት።» ክንዱን ያዘችው። «አንድ ጊዜ ሆስፒታል ይታይ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ እንዳላችሁ።»

ፍሮምሳ ወደ ደጃፉ ተመልሶ እናቱን አየ፤ አዴ ሲንቄ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ዋቅቶላን በሁለት ባጃጅ አጅበው ሆስፒታል ወሰዱት።

የተቀበለቻቸው ሐኪም ገና ስታያት «ቲቸር ሽታዬ!» ብላ ከወንበሯ ተነሳች። ዶክተር ቢሊሴ ትባላለች፤ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ስምንተኛ ክፍል እያለች ሽታዬ ሒሳብ አስተምራታለች። ሰላምታውን አላረዘመችም። ዋቅቶላን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጣ «ኦቦ ዋቅቶላ፣ ራስዎን ሳያዞሩ ጣቴን ብቻ ይከተሉ» አለችው። ጣቷ ወደ ቀኝ ሄደ፤ ዓይኖቹ ግማሽ መንገድ ላይ ቀሩና መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ወደ ግራም እንደዚያው። ከፍሮምሳ ጋር ደግፋ አቆመችው፤ አንፈራጦ ሁለት እርምጃ ሄዶ ወደ ጎን ተዘረረ፤ ያዙት። ምላሱን አየች፣ ክንዱ ላይ የለጠጠው ቆዳ ወደ ቦታው እስኪመለስ ጠበቀች። ከዚያ ካፖርቱን አስወልቃ ትከሻውን ነካችና ፊቷ ተለወጠ።

«ሲቲ ስካን እዚህ የለንም» አለች። «ዕጢው ጭንቅላቱ ላይ ሄዶ ከሆነ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ የማደርግለት ብዙ ነገር የለም። ይኼንኑ የሚመስል ሌላ በሽታ ግን አለ። እሱ ይድናል። የሚመጣው ለሳምንታት ምግብ ሆዱ ውስጥ ያልረጋ ሰው ላይ ነው።» የሽታዬን ዓይን አየች። «ቲቸር፣ ከአዲስ አበባ ያመጣችሁት ካርድ ላይ ‹ደህና ይመገባል› ነው የሚለው። ክብደቱም ብዙ አልቀነሰም። እውነት ይበላል?»

ውጭ ዝናቡ መውረድ ጀምሯል። አዴ ሲንቄ ነጠላቸውን ሰብስበው ያይዋታል። በየስልኩ ይበላል እያለች ያሳረፈቻቸው እናት ናቸው። ፍሮምሳ ያያታል። «ደህና...» ብላ ጀመረችና አቋረጠችው። በዚያች ቅጽበት የሞት በርና የሕይወት በር ጎን ለጎን ቆመው፣ ቁልፉ ያለው እሷ አፍ ውስጥ እንደሆነ ገባት። እንዲህ ያለ ፍርሃት ተሰምቷት አያውቅም።

«አይበላም» አለች። «ከሁለተኛው ኬሞ ጀምሮ አይበላም። ስድስት ሳምንት ነው። ውኃና ግሉኮስ ብቻ ነው። ክብደቱም ውሸት ነው፤ ኪሱ ውስጥ የባትሪ ድንጋይ ከትቼ ነው ሚዛን ላይ ያቆምኩት። መድኃኒቱን እንዳይከለክሉት ብዬ ነው። እኔ ነኝ።»

«ምን?» አለ ፍሮምሳ። «ምን ከትተሽ?»

አዴ ሲንቄ አፋቸውን በነጠላ ያዙ።

ቢሊሴ ግን አልተቆጣችም። ጊዜም አልነበራትም። «ግሉኮስ ዛሬ ተሰቅሎለታል?»

«የክሊኒኩ ነርስ ከሰዓት ሊሰቅልለት ቀጥሯል።»

«እንዳይነካው!» ብላ ወደ ነርሷ ዞረች፤ ከዚያ ለሦስቱም በአጭሩ ነገረቻቸው። ቲያሚን የሚባል ቫይታሚን አለ፤ ቢ ዋን የሚሉት። ሰውነት የሚያከማቸው ለጥቂት ሳምንት የሚበቃ ብቻ ነው። ጨጓራው የተቆረጠ፣ በኬሞ የሚያስመልስ ሰው ቶሎ ያልቅበታል። አንጎል ያለ እሱ ስኳርን ወደ ጉልበት መለወጥ አይችልም፤ ስኳር ብቻውን ሲገባለት ደግሞ የቀረችውን ጥቂት ጨርሶ ይባስ ይጎዳል። «በጊዜ ከተሰጠው ይመለሳል። ከዘገየ ግን እንዲህ እንደሆነ ይቀራል፣ ወይም ይሞታል። ቢ ኮምፕሌክስ አለኝ፤ እሱን አሁን እጀምርለታለሁ፤ ግን ውስጡ ያለው ቲያሚን ጥቂት ነው። ለብቻው ያለው መርፌ በመንገዱ ምክንያት አልቆብናል። ከተማ ውስጥ ፈልጊ። ሩጪ፣ ቲቸር።»

አስተማሪዋን «አንቺ» ማለቷን ሁለቱም ልብ አላሉም።

ሽታዬ ዝናቡ ውስጥ ወጣች። የመጀመሪያው መድኃኒት ቤት የለም አለ። ሁለተኛው ክኒን አለ፣ መርፌ የለም። ሦስተኛው ስሙንም ሰምቶት አያውቅም። ባጃጁ ጎርፍ እየሰነጠቀ ይሄዳል፤ እሷ ወንበሩን ጨብጣ በልቧ አንዴ ትጸልያለች፣ አንዴ ራሷን ትረግማለች። አውቶቡስ ተራው አጠገብ ያለው የሩዋይዳ መድኃኒት ቤት መዝጊያው እስከ ግማሽ ወርዷል፤ የጁምዓ ሰዓት ነው። ሽታዬ ጎንበስ ብላ በመዝጊያው ሥር ገባች።

ሩዋይዳ ከውስጥ ብቅ አለች። የሽታዬን ሁኔታ ስታይ «ምነው ቲቸር? ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተም። ቲያሚን። የሚወጋው። አለሽ?»

«ኧረ እሱን የሚጠይቅ ሰው የለም...» እያለች ሩዋይዳ መሰላል ላይ ወጣች። አንድ ካርቶን አወረደች፤ ሌላ አወረደች። ሽታዬ እጆቿን አጥብቃ ይዛ ትመለከታለች። ከሦስተኛው ካርቶን ውስጥ የትንንሽ ብልቃጦች ፓኮ ወጣ። «አሥር። የሚያበቃበት ቀን በመጪው ወር ስለሆነ ልመልሳቸው ነበር። ይበቃሻል?»

«ለጊዜው ይበቃል፤ ሌላም ሳያስፈልግ አይቀርም።»

«ወንድሜ ረመዳን ባኮ ላይ መድኃኒት ቤት አለው፤ በዚያ በኩል መንገድ ክፍት ነው። የቀረውን ነገ በአውቶቡስ እንዲልክ እደውላለሁ። አንቺ ሂጂ!»

የመጀመሪያውን መርፌ በደም ሥሩ ሲሰጡት ሽታዬ አልጋው ግርጌ ቆማ ዓይኖቹን ታያለች። ምንም አልተለወጠም። ሁለተኛውም ተሰጠው። ፍሮምሳ አያናግራትም። አዴ ሲንቄም ዝም ብለዋል። የተኛውን ሰው ደረት ከፍ ዝቅ ሲል እየቆጠረች ዋለች፤ በቆመ በመሰላት ቁጥር የራሷም ትንፋሽ ይቆማል። ዘግይቼ ቢሆንስ? ሐሙስ ዕለት ለዚያች ነርስ «አይወስድም» ብላት ኖሮስ? ያች አንድ ቀን ብትሆንስ ቁርጡን የለየችው?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢሊሴ መጥታ ጣቷን ከፊቱ አነሳች። ዓይኖቹ ወደ ቀኝ ሄዱ፣ ሄዱ፣ ከጥግ ደረሱ። ትንሽ ተንቀጠቀጡና ረጉ።

«ስንት ጣት ነው?» አለችው።

«አንድ» አለ ዋቅቶላ፣ በተሰላቸ ሰው ድምፅ።

ሽታዬ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች። ጥቂት ቆይቶ አጠገቧ አንድ ሰው ሲቀመጥ ተሰማት፤ አዴ ሲንቄ ናቸው። ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ወደ እሷ ሳይዞሩ ተናገሩ።

«እኔ ብሆን ድንጋይ እከትለት ነበር» አሉ። «የወንዝ ድንጋይ።»

መንገዱ በሳምንቱ ተከፈተ። አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ሁሉንም ከሽታዬ አፍ ሰማ። ለዋቅቶላ በቀጥታ ወደ አንጀቱ ምግብ የሚያስገባ ቱቦ ተደረገለት፤ ቫይታሚኑ ቀጠለ፤ ኬሞው ለስድስት ሳምንት እንዲቆይ ሆነና እንደገና ተጀመረ። ከሰልፉ ያወጣቸው ማንም አልነበረም። ዋቅቶላ በከዘራ መራመድ ጀመረ። ከግንቦት ወዲህ ያለው ግን ከአእምሮው ተጠርጓል፤ ጠዋት የሰማውን ማታ አያገኘውም። ሥራውን በሕመም ምክንያት ለቀቀ። ቢሊሴ «ትንሽ ትንሽ ሊመለስ ይችላል፤ ሁሉም ግን ላይመለስ ይችላል» አለች።

ሽታዬ ልትነግረው ቆረጠች። ባትነግረው ማንም አያስገድዳትም፤ እሱም መቼም አያውቅም። ይኼው ነው ያስፈራት። ጥቅምት ላይ፣ ደጃፍ ፀሐይ እየሞቁ፣ ሁሉንም ነገረችው። ሳቀ። «ባትሪ! እኔን እንደ ራዲዮ!» አለ። በማግስቱ ጠዋት ስታየው አንዲት ቃል አልቀረችውም። ከሳምንት በኋላ እንደገና ነገረችው። ያኔ አልሳቀም፤ እጇን ይዞ ብዙ አለቀሰ። በነጋታው ያም ጠፋ። የትኛው የእሱ መልስ እንደሆነ አታውቅም፤ ይቅርታ ብትቀበል እንኳ ይቅርታው በማግስቱ ከሰጪው ዘንድ የለም።

ለሦስተኛ ጊዜ የነገረችው ኅዳር ላይ ነው። ዋቅቶላ ጨርሶ ሰማት። ፊቱ ቀስ በቀስ ጠቆረ።

«አፍ ነበረኝ» አላት። «ሐኪሙ የጠየቀው እኔን ነው። ምን አግብቶሽ መለስሽልኝ?»

«ፈርቼ ነው።»

«እኔስ? እኔ አልፈራሁም? አንቺው እንደነገርሽኝ፣ አፌን ሳልከፍት ቀደምሽኝ።» ተነስቶ በከዘራው ገባና በሩን ዘጋ። የዚያን ቀን አላናገራትም። ሽታዬም አልተከተለችውም። ነገ ይረሳዋል ብላ ራሷን ማጽናናት ጀመረችና፣ በራሷ አፍራ ተወችው።

በማግስቱ ጠዋት ሻዩን ይዛ ገባች። ዋቅቶላ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኝቷል።

«ደህና አደርክ?»

ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻው ሳበ።

«ዋቅቶላ፣ አመመህ?»

«አላመመኝም» አለ ሳይዞር። «ትናንት ያልሽኝን እያሰብኩ ነው።»

ኩባያውን አስቀምጣ ወጣች። ጓሮ ሄዳ ስልኳን አወጣች፤ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳሳተች።

«ቢሊሴ» አለች። «ተቆጥቶኛል።»

«ማን? ኦቦ ዋቅቶላ? መቼ?»

«ትናንት።»

«እና አሁንም እንደተቆጣ ነው?»

«አሁንም» አለች ሽታዬ። «‹ትናንት ያልሽኝን እያሰብኩ ነው› አለኝ።»